ሴምቡንጋንን ለመጻፍ ከድንቹ ይጀምሩ

ጥያቄው፦ «ዮግያካርታ ውስጥ ጂኦግራፊ የምማር ኢትዮጵያዊ ነኝ። የአንዲት የጃቫ ገጠር መንደርና የአካባቢዋን ገጽታ አጥንተህ አቅርብ ተብዬ ዲየንግ አምባ ላይ ያለችውን ሴምቡንጋንን መርጫለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሦስት ሳምንት እቆያለሁ። ከየት ልጀምር? ምን ልለካ፣ ምን ልጠይቅ፣ ከምንስ ልጠንቀቅ?»

ምላሽ፦

ስለ ሴምቡንጋን ከሚገኘው ነገር አብዛኛው ያው አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ከሲኩኒር ኮረብታ ላይ የሚታየው የፀሐይ መውጫ። ጎብኚው በጨለማ ይወጣል፣ ፎቶውን ያነሳል፣ ረፋድ ሳይሆን ወርዶ ይሄዳል። መንደሩን የሚያኖረው ግን ከኮረብታው እግር ሥር ያለው ማሳ ነው። ስለዚህ ከድንቹ ይጀምሩ፤ ከዚያ ዝናብ ከድንቹ ማሳ ጠርጎ የሚወስደውን አፈር ቁልቁል ይከተሉ። ገንዘቡም፣ ሐይቁም፣ የመሬቱ ጉዳይም፣ ከታች ቆላው ላይ ያለው የኃይል ማመንጫ ግድብ ሳይቀር እዚያው መንገድ ላይ ያገኟቸዋል።

መጀመሪያ ቦታውን እናስተካክል። ሴምቡንጋን በመካከለኛው ጃቫ ክፍለ ሀገር፣ በዎኖሶቦ ካቡፓተን፣ በክጃጃር ከጃማታን ሥር ያለች ደሳ ናት። ለእኛ በሚገባን አነጋገር ካቡፓተን ዞንን፣ ከጃማታን ወረዳን፣ ደሳ ደግሞ ቀበሌን ይመስላል፤ ከደሳ በታች ኤር ዌ፣ በመጨረሻም ጥቂት አሥር ቤቶችን የሚይዘው ኤር ቴ አለ። የዲየንግ አምባ ራሱ በአንድ አስተዳደር ሥር አይደለም። ዋናው ክፍል ለዎኖሶቦና ለባንጃርነጋራ ተከፍሏል፤ ዲየንግ የምትባለው መንደር እንኳ በመንገድ ተከፍላ ምሥራቋ ዲየንግ ወታን የዎኖሶቦ፣ ምዕራቧ ዲየንግ ኩሎን የባንጃርነጋራ ናት። ስለ «ዲየንግ» የሚያገኙት ማንኛውም አኃዝ የትኛውን ወገን እንደሚቆጥር ሳያጣሩ አይውሰዱት።

ስለ ከፍታው ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሴምቡንጋን «የጃቫ ከፍተኛዋ መንደር» እየተባለች ትተዋወቃለች፤ በስፋት የሚጠቀሰው ቁጥር 2,306 ሜትር ነው። ለሲኩኒር ኮረብታ በስፋት የሚጠቀሰው ደግሞ 2,263 ሜትር ነው። ኮረብታው ከመንደሩ በላይ ቆሞ ሳለ ከመንደሩ ያነሰ ቁጥር መያዙን ልብ ይሏል። ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። በስልክዎ ጂፒኤስ ብቻ አይተማመኑ፤ የከፍታ ስህተቱ አሥር ሜትሮችን ያልፋል። የሐይቁን ዳር፣ የመስጊዱን በርና የኮረብታውን አናት በከፍታ መስመር ካርታ ላይ ያንብቡና ራስዎ ያስቀምጡ። ለዘገባዎ የመጀመሪያው የራስዎ ግኝት ይህ ሊሆን ይችላል።

ጉዞውን ራሱን እንደ መጀመሪያ የመስክ ሥራ ይቁጠሩት። ከዮግያካርታ በማጌላንግ፣ በተማንጉንግና በፓራካን አድርገው በሱምቢንግና በሲንዶሮ ተራሮች መካከል ያለውን የክለዱንግን በር ያልፋሉ፤ ከዚያ በከርተክ ወደ ዎኖሶቦ ከተማ ይወርዳሉ። በግል መኪና ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ አውቶቡስ እየቀያየሩ ከሄዱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከዎኖሶቦ ወደ ዲየንግ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በትንሽ አውቶቡስ ነው፤ ቀሪውን ወደ ሴምቡንጋን በኦጀክ፣ ማለትም በሞተር ሳይክል ታክሲ ይሄዳሉ። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ዳር ይቀመጡና የመጨረሻውን የሩዝ ማሳ ያዩበትን ቦታ ይመዝግቡ። ከተማው ዙሪያ ሩዝ ነው፤ ከፍ ሲል የሲንዶሮ ጎን ላይ የታምቢ ሻይ ይመጣል፤ ከዚያ ጥቅል ጎመንና ትምባሆ፣ በመጨረሻም ድንች፣ ድንች፣ አሁንም ድንች። ከወይና ደጋ ወደ ደጋ መውጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እዚህ የሚገርመው ሁሉም ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጠ ጊዜ ውስጥ ማለፉ ነው።

ወረቀት ሳይዙ አይውጡ። ከዩኒቨርሲቲዎ የመሸኛ ደብዳቤ ያወጣሉ፤ እሱን ይዘው በዎኖሶቦ ከስባንግፖል የሚባለውን የካቡፓተኑን ቢሮ ይጠይቃሉ፤ የእነሱን ደብዳቤ ግልባጭ ለከጃማታኑና ለደሳው ጽሕፈት ቤት ያስገባሉ። መንደር በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኤር ቴው ኃላፊ መታየት ግዴታ ነው፤ በየመግቢያው «እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ያመልክት» የሚል ሰሌዳ ያያሉ። ይህንን ዘለው በቀጥታ ማሳ ውስጥ ገብተው መጠየቅ ከጀመሩ ገበሬው አይቆጣዎትም፤ ፈገግ ብሎ ምንም የማይናገር መልስ ይሰጥዎታል። ያ ደግሞ ይብሳል።

ደሳ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የሕዝቡን ብዛት፣ የመሬቱን ስፋት፣ የትምህርትና የሥራ ዓይነቱን የያዘ ትልቅ ሰሌዳ ይኖራል። ፎቶ አንሱት፣ ግን መጀመሪያ የተሞላበትን ዓመት ይፈልጉ፤ ዓመቱ ካልተጻፈ ጸሐፊውን (ቻሪክ ይሉታል) ይጠይቁት። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ቤ ፔ ኤስ በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ከጃማታን «በአኃዝ» የሚል ጥራዝ ያወጣል፤ ሁለቱን ያስተያዩ። ስለ መንደሩ ገንዘብ ሲጠይቁ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የደሳ ሕግ ይወቁ፤ ከዚያ ወዲህ ከማዕከላዊው መንግሥት በጀት ለደሳዎች የሚመደብ ዳና ደሳ የሚባል ገንዘብ አለ። የደሳው ሹም በምርጫ ነው የሚወጣው፤ በ2024 በተደረገው ማሻሻያ የሥልጣን ዘመኑ ከ6 ወደ 8 ዓመት ተራዝሟል። በጃቫ የደሳ ሹማምንት በደመወዝ ፋንታ የሚያርሱት ቤንግኮክ የሚባል መሬት የመያዝ ልማድም አለ። የእኛን የድሮ ማደሪያ መሬት ያስታውሳል። በሴምቡንጋን ስንት እንደሆነና ማን እንደሚያርሰው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ግን አይደለም።

አሁን ወደ ማሳው። ዲየንግን ከበቆሎና ከትምባሆ አገር ወደ ድንች አገር የለወጠው በ1980ዎቹ የተስፋፋው ግራኖላ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ከጀርመን የመጣ፣ ቢጫ ሥጋ ያለው፣ ለወጥ እንጂ ለጥብስ የማይመች። ዑደቱን እንዲህ ይከታተሉት። ለዘር የሚሆነው ድንች ከ30 እስከ 60 ግራም የሚመዝን፣ የእንቁላል ያህል ነው። ከመኸር በኋላ ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው፣ ግን ብርሃን የሚገባበት ጎተራ ውስጥ 3 ወር ገደማ ይቀመጣል፤ ቡቃያው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር አጭርና ወፍራም ሆኖ ሲወጣ ለተከላ ደርሷል። በጨለማ ከተቀመጠ ቡቃያው ነጭና ቀጭን ሆኖ ይረዝማል፣ ሲተከልም ይሰበራል። መደቡ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይራራቃል፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ አተካከል ለአንድ ሄክታር ከ15 እስከ 20 ኩንታል ዘር ይገባል፤ ምርቱ ደግሞ ሲሳካ ከ15 እስከ 20 ቶን ነው። አንድ ኩንታል ዘር ወደ አሥር ኩንታል ይመልሳል እንደማለት ነው።

ይህ ስሌት በቃለ መጠይቅ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። የመሬት ስፋት መጠየቅ ስለ ሀብት መጠየቅ ነው፤ ብዙ ሰው ይሸሸዋል፣ ወይም በጃቫ የቆየ መለኪያ በኡቢን ይነግርዎታል፤ አንድ ኡቢን ወደ 14 ካሬ ሜትር ነው፣ 500 ኡቢን ደግሞ አንድ ባው። «ዘንድሮ ስንት ኩንታል ዘር ተከሉ?» ብለው ቢጠይቁ ግን የሥራ ጨዋታ ነው። 5 ኩንታል ካሉዎት ሩብ ሄክታር እስከ ሲሶ ሄክታር መሆኑን ራስዎ ያሰላሉ። ኩንታል እዚያም 100 ኪሎ ነው፤ ስሙም «ክዊንታል» ነው።

ዘሩ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። በአገሩ አሠራር ንጹሑ ዘር ጂ ዜሮ ተብሎ በመረብ ቤት ይመረታል፤ በየትውልዱ እየተባዛ ጂ ሦስት ወይም ጂ አራት ሲሆን ወደ ገበሬው ይደርሳል። ዋጋው ስለሚከብድ ብዙው ገበሬ ከራሱ ምርት ትናንሾቹን ለይቶ ለዘር ያስቀራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ የሆነው ድንች ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ያደከመው ተክል ልጅ ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ ምርቱ ይወርዳል፤ ገበሬውም ጉድለቱን በማዳበሪያና በመርጨት ሊሞላ ይሞክራል። ስለዚህ «ማዳበሪያ ለምን ይበዛል?» ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ ዘር ጎተራው ውስጥ ነው። ማሳው ዳር በጆንያ ተደርድሮ የሚያዩት፣ ሽታውም ሳይርቁ የሚቀበልዎት የዶሮ ፍግ ከቆላ የዶሮ እርባታዎች በጭነት መኪና የሚመጣ ነው፤ በሄክታር ከ10 ቶን በላይ መጨመር የተለመደ ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር ይመጣል፤ የመደቡ አቅጣጫ። መጽሐፍ የሚያስተምረው መደብ ዳገቱን አግድም እንዲቆርጥ ነው። ሴምቡንጋን ውስጥ ግን አብዛኛው መደብ ከላይ ወደ ታች እንደ ጣት ተዘርግቶ ያዩታል። ገበሬው አላወቀም ብለው እንዳይጽፉ አደራ። አግድም የተሠራ መደብ በዝናብ ወቅት ውሃ ያቁራል፤ የቆረ ውሃ ሥሩን ያበሰብሳል፤ ርጥበቱም ቅጠሉን በአንድ ሳምንት ውስጥ አጥቁሮ የሚጨርሰውን ምች ይጠራል። ከላይ ወደ ታች የተሠራው መደብ ውሃውን ቶሎ ያሰናብታል፣ ድንቹ ይድናል። አብሮ የሚሰናበተው ግን አፈሩ ነው። መደቡ በብርማ ፕላስቲክ ሲሸፈን ደግሞ ያለው ውሃ ሁሉ በትልሙ ብቻ ስለሚሮጥ ትልሙ ይቦረቦራል። በአንድ ወቅት የሚታየው ትርፍና በሠላሳ ዓመት የሚታየው ኪሳራ ከአንድ ውሳኔ ነው የሚወጡት፤ ድንቹን የተከለው ሰው መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርስ ከሆነ ደግሞ ሠላሳ ዓመቱ የእሱ ጉዳይ አይደለም። ጃቫኛው እኩሉን ማሮ፣ ሲሶውን መርተሉ ይለዋል፤ ልክ እንደ እኛው ቃሉ ራሱ ክፍፍሉን ይናገራል። ዘሩን ማን እንዳወጣ፣ ፍጉን ማን እንደገዛ፣ ምርቱ ተነቅሎ ነው ወይስ ማሳው ላይ እንዳለ ለነጋዴ የተሸጠው (ተባሳን ይሉታል) በዝርዝር ይጠይቁ።

እርስዎ የሚሄዱት በበጋ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ደረቅ ወር ነው፣ ክረምቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይበረታል። ጎርፉን አያዩም፤ አሻራውን ግን መለካት ይችላሉ። በማሳው ዳር የቆሙትን የካሪካ (የደጋ ፓፓያ) ዛፎች ይመልከቱ፤ ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት አንገት ከአፈሩ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደቆመ በመለኪያ ይያዙ፣ የዛፉን ዕድሜ ባለቤቱን ይጠይቁ፤ ሁለቱን ሲያካፍሉ ሸካራም ቢሆን በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር አፈር እንደሄደ ያገኛሉ። 20 ዛፍ ይለኩ፣ አምስት አይበቃም፤ ቁፋሮና የአፈር መቆለል አንዳንዱን ያሳስታል። ከእርከኑ ጠርዝ የተጠጋውንም ዛፍ ይተዉት፤ እዚያ ጠርዙ ይናዳል፣ ቁጥርዎን ያጋንነዋል። ከዚያ ቴላጋ ቼቦንግ ወደምትባለው ሐይቅ ይውረዱ፤ ቦዮቹ ሐይቁን በሚነኩበት ቦታ ደለሉ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ያገኙታል። ሐይቁ ዳር የሚያጉረመርሙት የውሃ ፓምፖችና ዳገቱን የወጣው የጎማ ቱቦ ደግሞ የበጋው ድንች የሚጠጣበት ነው። አፈሩን ወደ ሐይቁ ሰደን ውሃውን መልሰን እንስባለን እንደማለት ነው፤ ሐይቁ በደለል ሲሞላ ቱቦው የሚስበው ውሃ እየቀነሰ ይሄዳል።

በቆይታዎ የሚገጥምዎት ሌላው ነገር ውርጭ ነው። እነሱ ቡን ኡፓስ ይሉታል፣ «መርዘኛ ጤዛ»። ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል፣ ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፣ ንጋት ላይ ቅጠሉ ነጭ ይለብሳል። ስለዚህ ውርጭ የሚመታው ብዙውን ጊዜ ረባዳውን እንጂ ዳገቱን አይደለም፤ አርጁና በሚባሉት ጥንታዊ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ዙሪያ ያለው ሜዳ ለዚህ የታወቀ ነው። ድንቹ የሚሞተው የቅጠሉ ውሃ ረግቶ የቅጠሉን ሕዋስ ስለሚሰነጥቀው ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው የተቀቀለ መስሎ ይጠቁራል። ገበሬው ፀሐይ ሳትወጣ በቱቦ ውሃ ይረጨዋል፣ አንዳንዱ በመረብ ጨርቅ ያለብሰዋል። ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ይውሰዱ፤ አንዱን ሐይቁ ዳር፣ ሌላውን 50 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ያኑሩ፣ በየንጋቱ ያንብቡ። የመንደሩ ቤቶችና ማሳዎች ለምን እዚያ እንደተቀመጡ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም። ለራስዎ ደግሞ ወፍራም ጃኬትና ካልሲ። ጃቫ ሞቃት ናት ብሎ በሸሚዝ የወጣን ሰው የእዚያ ብርድ ሌሊቱን ሳያስተኛ ያሳድረዋል።

በጣም የምጠይቅዎ ነገር ቢኖር ጫማዎን ማጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ምሥራቅ ጃቫ ባቱ አካባቢ የተገኘው የድንች ወርቃማ ከረጢት ኔማቶድ ዲየንግም ደርሷል። በዓይን በጭንቅ የሚታይ ትል ነው፤ ሥሩን ይወጋል፣ ተክሉ ያለ ምክንያት ይቀጭጫል፣ ማሳው መሐል ክብ ክብ ሆኖ የቢጫ ቦታ ይታያል። እንቁላሉን የያዘው ከረጢት ድንች ባይተከል እንኳ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የሚዛመተው በዘር ድንች፣ በመሣሪያና በጫማ ላይ በሚጣበቅ አፈር ነው። ከአንድ ማሳ ወደ ሌላ ሲሻገሩ ቡቲውን በብሩሽና በውሃ ያጽዱት። አፈር ቋጥረው ወደ ዮግያካርታ ወይም፣ ይባስ ብሎ፣ ወደ አገር ቤት የመውሰድ ሐሳብ ካለዎት ይተዉት።

ስለ ካሪካ ጥቂት ልጨምር፤ ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች የመጣች፣ በቆላ የማታፈራ ትንሽ ፓፓያ ናት። ሥጋዋ ጠንካራ ስለሆነ ጥሬዋን አይበሏትም፤ በስኳር ውሃ ተቀቅላ በጠርሙስና በኩባያ ታሽጋ ትሸጣለች። አሠራሩን ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብለው ይዩት። ልጣጩ የሚያፈሰው ነጭ ወተት እጅ ያሳክካል፣ ስለዚህ ጓንት ይደረጋል ወይም በጨው ይታሻል። ፍሬው ተሰንጥቆ ዘሩ ከነለስላሳ ሽፋኑ ይወጣል። ልምድ የሌለው ዘሩን ይጥለዋል፤ የሚያውቅ ግን በውሃ አሽቶ ያጠልለዋል፣ ምክንያቱም ሽታው ያለው ሥጋው ላይ ሳይሆን እዚያ ሽፋን ላይ ነው። ያ ጭማቂ ከስኳሩ ጋር ይፈላል። ሥጋው ከመጠን በላይ ከተቀቀለ ይሟሟል፤ ገና አረንጓዴ ሳለ የተለቀመም ጎማ ይሆናል። የካሪካ ገንዘብ በሴቶች እጅ፣ የድንቹ በወንዶች እጅ ይዞር እንደሆነ የቤት ለቤት መጠይቅዎ ውስጥ ያስገቡት።

ቱሪዝሙን እንደ ሦስተኛ ሰብል ይያዙት። ኩኒር ማለት እርድ ነው፤ ሲኩኒር ኮረብታው ንጋት ላይ ለሚለብሰው ቀለም የሚስማማ ስም ነው። ሰው የሚወጣው በእነሱ ሰዓት ከንጋቱ 4 ገደማ ጀምሮ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 10 ማለት ነው፣ ቀጠሮ ሲይዙ ይህ ስድስት ሰዓት እንዳያሳፍርዎት። ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያስወጣው መንገድ በዓልና ቅዳሜ እሑድ ሲሆን እንደ ወረፋ ይሆናል፤ ለሥራ የሚሻለው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ነው። መጠየቅ ያለበት ነገር የማቆሚያ ቦታው፣ የመግቢያው ትኬት፣ ድንኳን የሚተከልበት የሐይቅ ዳርና የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ገቢ ለማን እንደሚደርስ ነው፤ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ኦጀክና ምግብ ቤት ላይ ናቸው ወይስ ትልልቆቹ የድንች ባለቤቶች ያንንም ይዘውታል?

እንግዳን የሚቀበሉበት ቦታ ራሱ የመንደሩ ጠባይ ነው። ሳሎን ቢኖርም ቅርብ የሆነ ሰው ወደ ኩሽና ይገባል፤ ምድጃው ወይም አንግሎ የሚባለው የከሰል ማንደጃ ዙሪያ ዝቅ ያለች በርጩማ ትሰጥዎታለች፣ ጣፋጭ ሻይና የተጠበሰ ድንች ይቀርባል። እዚያ እሳት እየሞቁ የሚወራው ቢሮ ከተነገረዎት ሁሉ ይበልጣል። ማስታወሻ ደብተርዎን መጀመሪያ ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

ስለ ቋንቋው፤ አንተና አንቱን ለለየ ሰው የጃቫኛው ሥርዓት ሐሳቡ አያስቸግርም። ነገር ግን በአማርኛ የሚለወጠው በአብዛኛው የግሱ ቅርጽ ሲሆን በጃቫኛ ቃሉ ራሱ ይለወጣል። «መብላት» ለእኩያ ማንጋን ነው፣ በትሕትና ንግግር ነዳ፣ ለሚከበር ሰው ዳሃር። ዳሃርን ስለራስዎ እንዳይሉ፤ እኛ «እኔ ተመገቡ» የማንለውን ያህል ያስቃል። በኢንዶኔዥያኛ ቢያወሩ ይበቃል፤ ግን ቤት ሲገቡ «ኩሎ ኑውን»፣ በሰው ፊት ሲያልፉ ደግሞ ዝቅ ብለው «ኑውን ሴዉ» ይበሉ፤ እሱን ከማዛባት ይልቅ «ፐርሚሲ» ቢሉ ይሻላል። ጎልማሳውን ፓክ፣ እመቤቲቱን ቡ፣ አዛውንቱን ምባህ ብለው ይጥሩ። «ኢንጊህ» የሚለው መልስ «አዎ» ቢመስልም ብዙ ጊዜ «እየሰማሁ ነው» ብቻ ነው፤ ስለዚህ «አዎ ወይስ አይደለም» የሚል መጠይቅ ይዘው አይሂዱ፣ ሁሉም አዎ ይልዎታል። ቁጥር ጠይቁ፣ ቅደም ተከተል ጠይቁ።

ሴቶቹ አሪሳን አላቸው፤ ያው እቁብ ነው፣ ማስረዳት አያስፈልግዎትም። ቤት ሲሠራ ጎረቤት ተጠርቶ በነጻ የሚያግዝበት ሳምባታን ደግሞ ደቦ ነው። ስብሰባ የሚቆጠረው በሰባቱ ቀን ብቻ ሳይሆን በአምስቱ የገበያ ቀን ጭምር ነው (ለጊ፣ ፓሂንግ፣ ፖን፣ ዋገ፣ ክሊዎን)፤ ሁለቱ ሲጣመሩ በየ35 ቀኑ ይገጥማሉ። «በሚቀጥለው ስብሰባ እንገናኝ» ከተባሉ 35 ቀን ሊሆን ስለሚችል ሦስት ሳምንትዎ እንዳያልቅ ቀኑን ያረጋግጡ።

በአምባው ላይ ጸጉራቸው በራሱ የተቋጠረ ልጆች ያያሉ፤ አናክ ግምባል ይባላሉ። ልጁ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ከዚያ ጸጉሩ ይያያዛል። የሚቆረጠው ልጁ ራሱ ሲጠይቅና የተመኘው ነገር ሲሟላለት ነው፤ ያለዚያ ተመልሶ ይበቅላል ተብሎ ይታመናል። የተቆረጠው ጸጉር ውሃ ላይ ይለቀቃል። ከ2010 ጀምሮ ዲየንግ ኩሎን ላይ በሚካሄደው የባህል ፌስቲቫል ሥርዓቱ በብዙ ሕዝብ ፊት ይፈጸማል። ልጆቹን ወላጅ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ። ቤተ መቅደሶቹ ከመንደሩ ሕይወት ጋር ያላቸው ዝምድና ቀጭን ነው፤ የሂንዱ ሥራዎች ናቸው፣ ከመካከላቸው የተገኘ አንድ ጽሑፍ ከእ.ኤ.አ. 809 ጋር የሚገጥም ዘመን ይዟል፣ አርጁናና ቢማ የሚሉት ስሞች ግን ከጥላ ቲያትሩ ጀግኖች ተወስደው በኋላ ዘመን የተሰጡ ናቸው። አንድ አንቀጽ ይበቃቸዋል።

አደጋው ግን ከአንድ አንቀጽ በላይ ይገባዋል። ዲየንግ ያልተኛ፣ ሕያው እሳተ ገሞራ ነው። የካቲት 20 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. በምዕራቡ ክፍል ሲኒላ አካባቢ ፍንዳታ ተነሥቶ ሰዉ በሌሊት ሲሸሽ መንገድ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ አገኘውና 149 ሰው ሞተ። ጋዙ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል፣ ሽታ የለውም፣ ጎድጓዳ ውስጥ ይተኛል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሌላው ጋዝ ስለሆነ «አልሸተተኝም» መተማመኛ አይሆንም። ሴምቡንጋን ከዚያ ወደ ምሥራቅ ብትሆንም ጋዝ ወደሚወጣበት ወደ ቲምባንግ እሳተ ገሞራ አፍ አካባቢ ለመሻገር ካሰቡ ነፋስ በሌለበት ማለዳና ከዝናብ በኋላ ረባዳ ማሳ ውስጥ አይግቡ፣ ናሙና ለማንሳት አያጎንብሱ፤ የወደቀ ወፍ ወይም አይጥ ካዩ ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ ይመለሱ። ከመሄድዎ በፊት በዚያው ያለውን የእሳተ ገሞራ መከታተያ ጣቢያ የዕለቱን ሁኔታ ይጠይቁ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ለቆላው ያስቀሩ። የአምባው ውሃ ሰራዩ ወንዝን ይዞ ወደ ደቡብ ወደ ህንድ ውቅያኖስ ይሄዳል፤ በመንገዱ ባንጃርነጋራ ላይ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የምሪቻ ግድብ ያቆመዋል። ከዎኖሶቦ አውቶቡስ አለ። ዎኖሶቦ ላይ ምዬ ኦንግክሎክ ይብሉ፤ ኑድሉና ጥቅል ጎመኑ በቀርቀሃ ማጥለያ የፈላ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይናጣል፣ ከላዩ በስታርች የወፈረ ጣፋጭ መረቅ ይፈሳል። ከዚያ ግድቡ ጫፍ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ይቁሙ። ውሃው የሻይ ቀለም ነው፣ ደለሉ ሣር አብቅሎ ደሴት ሠርቷል። ላይ ቤት ዛፎቹ አንገት ላይ የለኩት አፈር መድረሻው ይህ ነው። ፎቶ ያንሱት፤ አፈሩን ግን፣ እንዳልኩት፣ አይቋጥሩት።